የቀናተኛው ልብስ ሰፊ ምስክርነት

ልብስ ሰፊው ቀናተኛ ነበር። ቀናተኛ ሲባል እንደ ማንም ባል አልፎ አልፎ ቅር የሚለው ዓይነት አይደለም፤ ሚስቱ ለብቻዋ ፈገግ ብትል እንኳ "ማንን አስባ ነው?" ብሎ ቆሽቱ የሚያርር ሰው ነው። ጎረቤቶቹ ጠባዩን ስለሚያውቁ፣ ኋላ ነገር እንዳይመጣባቸው ሚስቱን ሰላም የሚሏት ጮክ ብለው ነበር።

ዘንድሮ ግን ቅናቱ ምክንያት አገኘ። መጀመሪያ የቀሚሷ ወገብ ጠበበ። ልብሷን የሚሰፋላት እሱ ነው፤ ልኳን ሜትር ሳይዝ ያውቀዋል። "እስቲ ትንሽ ልቀቅልኝ" አለችው፤ ለቀቀላት። ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ቀሚስ ደግማ አመጣችው። ስፌቱን እየተረተረ "ምን ተገኘና ነው እንዲህ የደላት?" አለ በሆዱ። ቤት ውስጥ እንደሆነ ምግብ ቀንሳለች። ታዲያ ይህ ሁሉ ውፍረት ከየት መጣ? ሌላ የሚያበላት ሰው ቢኖር ነው።

ቀጥሎ የዳገቱ ጉዳይ መጣ። ወደ ቤታቸው የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው፤ እመሃል ላይ የፀጉር አስተካካዩ ቤት አለ። ፀጉር አስተካካዩ ሚስቱ የሞተችበት፣ ፍልቅልቅ፣ ሁልጊዜ ሽቶ ሽቶ የሚል ሰው ነው። አንድ ቀን ሰፊው ሥራውን ጥሎ እግር በእግር ሲከተላት፣ ልክ እዚያ በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ግድግዳውን ተደገፈች። ሰውየውም ወንበር አወጣላት! በማግስቱም እዚያው ቆመች። የሰፊው ደም ፈላ። ግን እጅ ከፍንጅ ሳይዝ መናገር አልፈለገም።

ማታ ማታም ትራስ ደራርባ ቀና ብላ መተኛት ጀመረች። "ከኔ መሸሿ ነው" ብሎ ደመደመ።

አንድ ጠዋት ታዲያ "ይኼ ሳል አላስተኛ አለኝ፤ ጤና ጣቢያ ልሂድ" አለችው።

"ለሳል?"

"ለሳል።"

ለሳል ብሎ ጤና ጣቢያ! እስክትርቅ ጠብቆ ተከተላት። ስሟ ተጠርቶ ስትገባ እሱም ከምርመራ ክፍሉ መጋረጃ ጀርባ ጆሮውን አቁሞ ቆመ። የሐኪሙ ድምፅ የወጣት ድምፅ ነው፤ ለስላሳ።

"ሲተኙ ስንት ትራስ ነው የሚጠቀሙት?"

ሰፊው መጋረጃውን ገልጦ ገባ። "የሚስቴ ትራስ አንተን ምን አገባህ?"

ሚስቱ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሐኪሙ ግን ወንበር ሳበለት። "እንኳን መጡ። እሳቸው የጠየቅኳቸውን ሁሉ 'ደህና ነኝ' ነው የሚሉኝ። እርስዎ ይንገሩኝ። እሳቸው ዳገት ሲወጡ ይቆማሉ?"

"ይቆማሉ ወይ ትለኛለህ? በየቀኑ ነዋ! ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ! ድሮ እኮ እያወራች ነበር የምትወጣው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ዝናቡ ካቆመ ወዲህ። ጫማዋንም ጥላ በነጠላ ጫማ ነው የምትሄደው፤ እግሬ ይታይልኝ ብላ መሰለኝ!"

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ቅልጥሟን በአውራ ጣቱ ተጫነ። ሰፊው "እጅህን!" ሊል አፉን ከፈተ። ጣቱ ሲነሳ ግን ቦታው እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ፤ አልሞላ አለ። ሰፊው ክው አለ።

"ወገቧም ሰፍቷል" አለ፣ አሁን ቀስ ብሎ። "ቀሚሷን ሁለቴ ለቅቄላታለሁ።"

"ውፍረት አይደለም፤ ውሃ ነው።"

ከዚያ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ሰፊው በዚህ ጊዜ እውነተኛ ቅናት ያዘው። ይህን ሁሉ ዘመን ከጎኗ ተኝቶ እሱ ያልሰማውን፣ ይህ ትናንት የተመረቀ ልጅ ባንድ አፍታ ሰማው።

"ልብዎ ሳይደክም አልቀረም፣ እናቴ" አላት ሐኪሙ። "ደሙን እንደ ድሮው መግፋት ሲያቅተው ውሃ እግር ላይ፣ ሆድ ላይ፣ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። ሳሉም ትራሱም ከዚያ ነው። የልብ አልትራሳውንድ እንዲነሱ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል እጽፍልዎታለሁ፤ መድኃኒት አለው። ብዙ ሰው እኔ ዘንድ የሚደርሰው በቃሬዛ ነው። እርስዎ ገና በእግርዎ እያሉ መጡ።" ወደ ሰፊው ዞሮም "እርስዎም በደንብ ነው የተከታተሏቸው" አለው። ማመስገኑ ነበር፤ ሰፊው ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ።

ደጅ ሲወጡ ሚስቱ ቆመች።

"ትከተለኝ ነበር?"

"አዎ።"

"ዳገቱ ላይም?"

"ዳገቱ ላይም።"

"እኔ እኮ እዚያ ስደርስ ትንፋሼ ይቆምና አሁንስ ሞትኩ እል ነበር" አለች። "ብወድቅ የሚያነሳኝ ሰው ይኑር ብዬ ነው ያንን በር የመረጥኩት። ለካ አንተ ከኋላዬ ቆመህ ታየኝ ነበር።"

ሰፊው እጁን ዘረጋላት። እሷ ግን አልያዘችውም፤ የሐኪሙን ወረቀት ይዛ ቀስ እያለች ወደ ሆስፒታሉ መንገድ ጀመረች።