የምሥራቅ ቀኝ እጅ

"ሃሌሉያ! እጄ ድናለች! ሙሉ በሙሉ ድናለች! ጠላት አፍሯል!"

ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ የራሷ የምሥራቅ ነበር። በትንሿ ስክሪን ላይ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ በፋሻ የተጠቀለለ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ሰቅላ ትታያለች። ጉባኤው በእልልታ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሊያነሳው ምንም አልቀረውም። ጠበቃዋ ኛማል ቪዲዮውን አቆመችና ስልኩን በፊቱ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

"ሰባት ወር ሙሉ ስንመላለስ ይሄን ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምኑን ልንገርሽ? ምስክርነት ነው። እኛ ጋ ሁሉም ሰው ይመሰክራል።"

"ጎሽ! አሁን ደግሞ ለክሊኒኩ ጠበቃ እየመሰከርሽለት ነው። ዛሬ ጠዋት ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሞ ፋይሉ ውስጥ አስገብቶታል። ነገ ዳኛው ፊት ይከፈታል፣ ካላስ፣ አለቀ!"

ኛማል ጋምቤላ አድጋ፣ አዲስ አበባ ሕግ ተምራ ወደ አባቷ አገር የተመለሰች የኑዌር ልጅ ናት። አማርኛዋን የሰማ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ጉዳዩን ይዞላት ይመጣል። ጁባ ና ባሪ በሚባለው የጁባ ሰፈር ያለችው ቢሮዋ ከአንድ ጠረጴዛና ከሁለት ወንበር በላይ ባትይዝም ወረፋ አይጠፋባትም። ስትናደድ የጁባ ዓረብኛ ጣል ታደርጋለች። ዛሬ ተናዳለች።

ምሥራቅ ቀኝ እጇን ከሻርፗ ሥር ይበልጥ ሸሸገች። ነገሩ የጀመረው ከጀበል ኩጁር ተራራ ሥር ባለው መንገድ ላይ ነው። የተሳፈረችበት ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ጉድጓድ ሲሸሽ ተንሸራትቶ ጣላትና የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ጀበል ገበያ አጠገብ ያለ ክሊኒክ ጀሶ አሰሩላት። በማግሥቱ ጣቶቿ አብጠው፣ በልዘው ጠቆሩ። በሦስተኛው ቀን ስታለቅስ ወደ ክሊኒኩ ተመለሰች። ባለቤቱ ዶክተር እሱባለው የጀሶውን ጫፍ በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ "እብጠት ያለ ነው፣ ትንሽ ታገሺ" አላትና የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኛት። በአምስተኛው ቀን ሌላ ሆስፒታል ጀሶውን ቀደው አወጡት። እዚያ ያየቻት ሐኪም፣ ጀሶው ከልክ በላይ ጠብቆ ደም እንዳገደና አንድ ቀን ብትዘገይ ኖሮ እጇ ይቆረጥ እንደነበር ጻፈች። እጇ አልተቆረጠም። ሦስቱ ጣቶቿ ግን እንደተኮረመቱ ቀሩ፤ ክሊኒኩን የከሰሰችውም ለዚህ ነው።

ምሥራቅ ልብስ ሰፊ ናት። ጀበል ሰፈር ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የመዘምራን ልብስ የምትቆርጥ እሷ ነበረች። ጨርቅ ላይ ምልክት ሳታደርግ በዓይኗ ለክታ ቀጥ አድርጋ የምትቆርጥባት መቀስ ነበረቻት። ዛሬ መቀሷን የያዘው ቀጥራ የምታሠራው ሰው ነው። ጠማማ ሲቆርጥባት ከማየት ጥርስ መነቀል ይሻላታል።

ያን ምስክርነት የሰጠችው ከሆስፒታል በወጣች በአራተኛው ቀን ነው። አልዋሸችም። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ሰው ያልተቀበለውን እንደተቀበለ አድርጎ ያውጃል። ሥራ የፈታው "ሥራዬን ተቀብያለሁ" ይላል፣ ትኩሳት የያዘው እየተንቀጠቀጠ "ድኛለሁ" ይላል፤ ጉባኤውም አሜን ይላል። ማንም በዚህ አይሳሳትም። ዳኛው ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ አላደገም።

"ዶክተር እሱባለው ያን ዕለት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር" አለች ምሥራቅ። "አሜን ብሏል።"

"የአንቺ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው?"

"ነው እንጂ! ቪዲዮውን ከእሱ በቀር ማን ይሰጣቸዋል?"

ኛማል ግንባሯን አሸች። "የሐኪሟ ወረቀት አለን። ግን ወረቀት ከሰው ከራሱ አፍ ጋር ሲጋጭ ዳኛ የሚያደላው ለአፉ ነው። 'ስሜት ውስጥ ገብቼ ስለነበር የምለውን አላውቅም' ብትዪስ?"

"የምለውንማ አውቃለሁ።"

"እሺ፣ እንግዲያው ፓስተርሽ ደብዳቤ ይጻፉልሽ። እናንተ ጋ ምስክርነት የእምነት ንግግር እንጂ የሐኪም ማስረጃ አይደለም ብለው ይፈርሙ። ዛሬውኑ አምጪልኝ።"

ምሥራቅ ተነሣች። ቦዳ ጠርታ በዋጋ ተከራከረችና ከኋላ ተፈናጠጠች። ከወደቀች ወዲህ ቦዳ ትፈራለች ብሎ ያሰበ ሁሉ ተሳስቷል፤ የሹፌሩን ትከሻ በግራ እጇ ጠበቅ አድርጋ፣ ጉድጓድ ባየች ቁጥር "ሹዋያ ሹዋያ!" እያለች እንዲያዘግም ታዘዋለች። ሹፌሩ እናቱ ከኋላው የተቀመጠች ይመስል ቀስ እያለ ጀበል አደረሳት።

ፓስተር ካሳዬ ለአሥራ አንድ ሰዓቱ የረቡዕ ፕሮግራም ይዘጋጁ ነበር። ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሰሙና መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እሷ ሆስፒታል ሳለች ሦስት ሌሊት በር ላይ አድረዋል።

"እህት ምሥራቅ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በማኅተም ብሰጥ ነገ ሰው ምን ይላል? 'ምስክርነታቸው ሁሉ እንዲያው ወሬ ነው' አይለንም?"

"ታዲያ እኔ ምን ልሁን ፓስተር?"

"ወንድም እሱባለውም ጠዋት መጥቶ አነጋግሮኝ ነበር። የአንድ ቤት ልጆች ዳኛ ፊት ባትቆሙ፣ እዚሁ ብትታረቁ ደስ ይለኛል።"

"ጥፋቴ ነው አለ?"

ፓስተሩ መነጽራቸውን ደጋግመው ጠረጉ። "እንደዚያ እንኳን አላለም።"

"እንግዲያው ምኑን ነው የምንታረቀው?"

"እሱን እኔም አላውቅም" አሉ ፓስተሩ። ስላልሸነገሏት ምሥራቅ ልታመሰግናቸው ምንም አልቀራት። ጎንበስ ብላ እጅ ነሥታ ወጣች።

ግቢው ውስጥ እሱባለው መኪናውን አቁሞ ሲወርድ ተገጣጠሙ። ወደ መኪናው ተመልሶ ሊገባ የፈለገ መሰለ፤ ግን አየችው። እንደ ልማዱ ቀኝ እጁን ለሰላምታ ዘርጋ አደረገና መሀል ላይ የእሷ እጅ ትዝ ሲለው ሰበሰበው።

"ምሥራቅ፣ እንዳትቀየሚኝ። እኔ የፈጠርኩት ነገር የለም። አንቺ ራስሽ ያልሽውን ነው የሰጠኋቸው።"

ምሥራቅ ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ተናዳለች፤ ንዴቱ እስከ ጆሮዋ ድረስ ሞቋታል። ዓረፍተ ነገሩ ግን ጭንቅላቷ ውስጥ ሁለት ጊዜ ዞረና ንዴቷን ቀደመው።

"ልክ ነህ" አለችው። "ያልኩትን ነው የሰጠሃቸው። ዛሬም ስናገር ከሰማህ ትሰጣቸዋለህ?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ምንም። ግባ፣ ሊጀመር ነው።"

ስልኳን አውጥታ በግራ አውራ ጣቷ ደወለች።

"ደብዳቤውን አገኘሽ?" አለች ኛማል።

"የለም። የመጀመሪያውን ምስክርነቴን አላነሣም ኛማልዬ፤ እግዜር እጄን ከመቆረጥ አድኗታል፣ ያን ማንም አያስክደኝም። ግን ሳልጨርሰው ነው ከመድረክ የወረድኩት። ዛሬ እጨርሰዋለሁ፣ ነገ ጠዋት ሁለቱንም አብረሽ ታስገቢያለሽ።"

ከወዲያ በኩል ኛማል ሣቀች። "በዚያው ቦታ?"

"በዚያው ቦታ፣ በዚያው ካሜራ።"

ካሜራውን የምትይዘው ቤተል ናት፤ ቀን ሆቴል እንግዳ ትቀበላለች፣ ማታና እሑድ የቤተ ክርስቲያኑን ቪዲዮ ትቀርጻለች፣ ፌስቡክ ላይም የምትለቀው እሷ ናት። ምሥራቅ በጆሮዋ ስታንሾካሹክላት ፊቷ ተለዋወጠ።

"ፓስተር ያውቃሉ?"

"ምስክርነት ነው ቤተልዬ። ለምስክርነት ፈቃድ ተጠይቆ ያውቃል? ይልቅ አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ማይኩ ቢወድቅ እንዳታቋርጪ።"

ቤተል የምሥራቅን ሻርፕ አየች፣ ከሻርፑ ሥር የተደበቀውንም እጅ ያየች መሰለች። "አላቋርጥም" አለች።

መዘምራኑ ወጡ። የለበሱት ሐምራዊ ልብስ ምሥራቅ አምና የቆረጠችው ነው። ሃያ አራት ልብስ፣ አንድም እጥፋቱ አልተዛነፈም። እያየችው ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ኩራትም ነበር፣ ሐዘንም ነበር። እውነቱን ለመናገር ፈርታለች። ጉባኤው "ተአምሩን ካደች" ቢላትስ? ፓስተሩስ ቢያዝኑባት? ከዳኛው ይልቅ እነዚህን ሰዎች ትፈራለች። ዳኛውን ነገ ካየችው በኋላ ዳግም ላታየው ትችላለች፤ እነዚህን ግን እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ በየሳምንቱ ታያቸዋለች። ደግሞም ትወዳቸዋለች።

ሆኖም ሰባት ወር ሙሉ እጇን ከእነሱ ደብቃለች። ስትዘምር ታጥፋዋለች፣ ስትጸልይ ግራዋን ብቻ ታነሣለች፣ ሰላም ሲሏት በክርኗ ትነካቸዋለች። "እንዴት ነው እጅሽ?" ሲሏት "ክብር ለእግዚአብሔር" ብላ ታልፋለች። እሱባለው ቪዲዮውን ሰጠ እንጂ፣ እጇን የሸሸገችው እሷው ናት። ይህ ሲገባት ፍርሃቷ ላላ አለላት።

"ምስክርነት ያለው?" አሉ ፓስተር ካሳዬ።

ምሥራቅ ብድግ አለች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እሱባለው አንገቱን ቀና አደረገ። ፓስተሩም ለአንድ አፍታ አመነቱ፤ ግን ለሃያ ዓመት ምስክር ከልክለው አያውቁም፣ ዛሬም አልከለከሉም። መድረኩ ላይ ስትወጣ ሻርፗን አውልቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ቤተል ካሜራውን አስተካከለች፤ ቀይዋ መብራት በራች።

ፓስተር ካሳዬ ላለፉት ወራት እንደለመዱት ማይኩን ወደ ግራ እጇ ዘረጉላት።

ምሥራቅ ግራ እጇን ከወገቧ ኋላ አደረገችና ጣቶቿ የተኮረመቱበትን ቀኝ እጇን ለማይኩ ዘረጋች።