የያዮ ማርና የኒውክለሱ በር

ዱንያ ቂመኛ ናት፤ መቱ ውስጥ የሚያውቋት ሁሉ ይህን ያውቃሉ፣ እሷም አታፍርበትም። የምትሠራበት ቤተ ሙከራ አለቃ ዶክተር ነዚፍ የማይክሮስኮፕ ፎቶዎቿን ከኮምፒውተሯ ገልብጦ «የእኔ ግኝት» ማለት ሲጀምር ምን እንደምታደርገው እያሰበች እንቅልፍ አጣች።

ሥራውን የጀመረችው እሷ ነበረች። አባቷ ጋሼ ሰላሃዲን የያዮን የጫካ ማር ሁሩሙ ገበያ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው፤ ማሩ ቁስል ያደርቃል ይላሉ። እሷ ደግሞ እውነት እንደሆነ ልትፈትሽ ተነሣች። በሴል ውስጥ ብግነትን፣ ማለትም የቁስልን ማበጥና መቅላት፣ የሚያመጡ ጂኖችን የሚቀሰቅስ አንድ ፕሮቲን አለ። በደህና ጊዜ ሌላ ጠባቂ ፕሮቲን ጨምድዶ ጂኖቹ ካሉበት ከኒውክለሱ ውጭ ያስቀረዋል። ሴሉ ሲቆጣ ግን ጠባቂው ይፈርሳል፤ የፕሮቲኑ የመግቢያ ምልክት ይገለጥና አጓጓዥ ፕሮቲን ተሸክሞ በኒውክለሱ በር ያስገባዋል። ማሩ ይህን መግባት ካስቆመ ብግነቱን ያበርዳል ማለት ነው።

ነዚፍ የአባቷ ወዳጅ ልጅ ስለሆነ ክሷን እንዳሰማች ሽማግሌ ተላከባት። ጋሼ ቀኖ የተባሉት ሽማግሌ አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው ሳለ «ተይው ልጄ፣ ዺሲ» እያሉ በአማርኛም በኦሮምኛም ለመኗት። ነዚፍም ሽማግሎቹን ለማስደሰት ፎቶውን በስልኩ አሳየ፤ ማር በተሰጣቸው ሴሎች ውስጥ ፕሮቲኑ ሁሉ ከኒውክለሱ ውጭ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ዱንያ ፎቶውን ስታየው ሳቋ መጣ። ፎቶውን ያነሣችበት ቀን መብራት ጠፍቶ ሴሎቹ ቀዝቅዘው ነበር። በብርድ ደግሞ አጓጓዡ አይሠራም፤ ማር ኖረም አልኖረም በበሩ የሚያልፍ የለም። ሴሎቹን አሙቃ ሥራውን ስትደግመው ማሩ ምንም አላስቆመም። ያን ፎቶ የተወችው ለዚህ ነበር፤ ሞኙ ሌባ የወሰደው የጣለችውን ነው።

ወዲያው ታረቀች። ስሙን በክፉ ላታነሳ ቃል ገባች፣ ትከሻውን ሳመች፣ ሽማግሎቹም አስተዳደጓን አመሰገኑ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እሷ ግን ቂሟን ይዛ አሜን ብላ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ዝም አለች። አባቷ የዶክተሩን ወሬ አምነው የያዮን ገበሬዎች «ማሩን አትሽጡ፣ መድኃኒት ሊባል ነው» እያሉ ሲያስጠብቁም ዝም አለች። አንዳንዴ ልትነግራቸው ትነሣና የነዚፍ ፊት ትዝ ሲላት ትቀመጣለች።

ነዚፍ ግኝቱን የሚያቀርብበት ቀን አዳራሹ ሞላ። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዳ ተመራማሪ ከፊት ተቀመጡ፤ አባቷም ከገበሬዎቹ ጋር ኋላ ነበሩ። ዱንያ ተነሥታ በትሕትና ዶክተሩን አመሰገነችና ጠየቀች።

«እንዲቆጡ ተደርገው ማር ያልተሰጣቸውን ሴሎችስ ቢያሳዩን?»

ነዚፍ ዙሪያውን አየ። ያን ፎቶ አብሮ ሰርቆት ነበር፣ ከፍቶ ግን አይቶት አያውቅም። እንግዳው «አዎ፣ ያሳዩን» ሲሉ ከፈተው። አረንጓዴው እዚያም ከኒውክለሱ ውጭ ቀርቷል። ማር ካልነካቸው ታዲያ በሩን ማን ዘጋው ብለው እንግዳው ጠየቁት። ያን ጊዜ ዱንያ ስለ ጠፋው መብራትና ስለ ብርዱ፣ ከዚያም ሴሎቹን አሙቃ ስላገኘችው ውጤት ተረጋግታ ተናገረች። ስሙን በክፉ አላነሳችም። ነዚፍ ዓይኑን ከመሬት አልነቀለም፤ እሷም ፊቱን ጠግባ አየችው። ደስ አላት፤ እስከ አጥንቷ ደስ አላት።

በር ላይ አባቷ ብቻቸውን ቆመው ጠበቋት። ገበሬዎቹ ራቅ ብሎ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ገብተዋል።

«ዕርቁ ላይ አጠገብሽ ስቀመጥ ይህን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ አባባ።»

ጋሼ ሰላሃዲን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሱ ፎቶሽን ነው የሰረቀሽ» አሉ። «አንቺ ግን እነዚህን ገበሬዎችም እኔንም ሸጥሽን።»

ወደ ሚኒባሱ ሄዱ፤ ገበሬዎቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላቸው።