ሁለት ፓውንድ

ሃቢብን የሚያናድዱት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ መፍቻ ተውሶ የማይመልስና "በግምት ይበቃል" የሚል። ኮለምበስ ከተማ፣ ሞርስ ሮድ ላይ ባለው ጋራዡ ግድግዳ ላይ የእያንዳንዱ መፍቻ ቅርጽ በቀለም ተስሏል፤ አንዱ ከጎደለ ሥራ ይቆማል። መሬቱ ላይ ደግሞ የመኪና አራት ጎማዎች የሚያርፉባቸው አራት ሚዛኖች አሉት። ደንበኞቹ "ሃቢብ ዝንብም ብታርፍ ይመዝናታል" እያሉ ያሾፉበታል። እሱም አይከፋውም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ሚዛኖቹ የተገዙት ለነጯ የውድድር መኪናው፣ ለሲቪኳ ነው። ላለፉት ስድስት ዓመታት እሷን ይዞ በአገር አቀፉ የቱሪንግ ካር ሻምፒዮና ይወዳደራል። ከውጭ ሲያዩዋቸው ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሱ የሚመስሉ፣ ውስጣቸው ግን ከሾፌሩ ወንበር በቀር ባዶ የሆኑ መኪኖች የሚሽቀዳደሙበት ውድድር ነው። አንድ ዓመት ሞተር ነደደበት፣ አንድ ዓመት ገጩት፣ ሌላውን ዓመት ዝናብ አበላሸበት። ዘንድሮ ባለቤቱ ኸውላ ቁርጡን ነገረችው። "ዊክኤንድህን በሙሉ ለዚች መኪና ሰጠህ። ይሄ ላስት ነው፣ ሃቢብ። ቻምፒዮን ሆንክም አልሆንክም ትሸጣታለህ።" እሱም በልጆቹ ፊት እሺ አለ።

የመጨረሻው ውድድር ደግሞ ከኮለምበስ በስተሰሜን የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ሆነ። ደጁ ማለት ነው። ሦስተኛና ከዚያ በላይ ከወጡ በዓመቱ ድምር ነጥብ ዋንጫው የእነሱ ነው፤ አራተኛ ከወጡ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ነሐሴ ከገባ ጀምሮ ሃቢብ ሌላ ነገር አላሰበም።

የሚነዳው ፍቅረማርያም ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ዌርሃውስ ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዳ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ። ዝም ብሎ ይነዳል፣ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ዝም ነው። ሃቢብ ይህን ዝምታውን ይወድለት ነበር።

አርብ ጠዋት፣ ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ ሃቢብ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ወለሉ ላይ ከታሰሩት የእርሳስ ብረቶች አንዱን ፈታ። በዚህ ውድድር መኪናና ሾፌር አንድ ላይ ይመዘናሉ፤ ከተወሰነው ክብደት ካነሱ ውጤታቸው ይሰረዛል። መኪናው ቀላል የሆነበት ሰው እርሳስ ያስራል፤ የቻለ ደግሞ የማያስፈልገውን ያወርዳል፣ መኪና በቀለለ ቁጥር ይፈጥናልና። ሃቢብ ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ሠራ። መኪናዋ ይህን ያህል፣ ከውድድሩ በኋላ የሚተርፈው ነዳጅ ይህን ያህል፣ ፍቅረማርያም ከነልብሱና ከነሄልሜቱ ይህን ያህል። ነሐሴ ሳይገባ ጋራዡ ውስጥ ራሱ መዝኖት ነበር። ብረቱን ካወረደም ከገደቡ በላይ ሦስት ፓውንድ ይተርፈዋል።

"ጋሼ፣ ሦስት አታንስም?" አለ ፍቅረማርያም።

"ለሌላ ሰው ታንሳለች። እኔ ግን መዝኛለሁ" አለ ሃቢብ፣ ብረቱን መሣሪያ ሳጥን ውስጥ እየወረወረ።

ፍቅረማርያም ዞሮ ሄልሜቱን መወልወል ጀመረ።

ከቀትር በኋላ በጠራራ ፀሐይ ውድድሩ ተጀመረ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ሃቢብ አጥሩን ጨብጦ ቆመ። አምስተኛ ነበሩ፣ አራተኛ ሆኑ፣ ሁለት ዙር ሲቀር ፍቅረማርያም ጠባቡ መታጠፊያ ላይ በውስጥ በኩል ገብቶ አንዱን አለፈ። ሦስተኛ! ሃቢብ በማያውቀው ሰው አንገት ላይ ተጠመጠመ። ስድስት ዓመት ያላለቀሰው ሰውዬ አለቀሰ።

መኪናዋ በቀጥታ ወደ ሚዛን ተወሰደች። ፍቅረማርያም ሳይወርድ መዘኗት። መዛኙ ቁጥሩን አይቶ "እንደገና" አለ። ወርዳ እንደገና ወጣች።

ሁለት ፓውንድ ጎደለች።

ሃቢብ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብሎ ተከራከረ። ልካቸው በታወቀ ክብደቶች ሚዛኑን ፈትነው ልክ መሆኑን አሳዩት። አንድ ወረቀት ሰጡት፤ "ውጤቱ ተሰርዟል" ይላል። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። ሁለት ፓውንድ ማለት እኮ አንድ ሊትር ውሃ እንኳ አይሞላም!

ስልኩ ጮኸ። ኸውላ ናት።

"ማሻአላህ! ልጆቹ ላይቭ አይተው ቤቱን ሊያፈርሱት ነው! ሦስተኛ አይደል የወጣችሁት?"

"መልሼ ኮል አደርግሻለሁ" አለና ዘጋው።

መኪናዋን ወደ ማረፊያቸው ገፍተው እንዳደረሱ ውስጧን መበርበር ያዘ። የሆነ ነገር ወድቆ መሆን አለበት፤ ብሎን፣ ሽፋን፣ የሆነ ነገር። የጎደለ የለም። በመጨረሻ እጁ ሾፌሩ እየነዳ በቱቦ የሚጠጣበትን የውሃ ጠርሙስ ነካ። ጠዋት ራሱ ሞልቶ፣ ቱቦውን አያይዞ ያስቀመጠው ነው።

ጠርሙሱ እስከ አፉ ሙሉ ነው።

ዞር ብሎ ፍቅረማርያምን አየው። ልጁ የጎማ ክምር ላይ ተቀምጧል። የውድድር ልብሱ ወገቡ ላይ ሰፍቶታል፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። የጎደለው ክብደት የት እንደሄደ ለሃቢብ ያኔ ተገለጠለት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ምሳ ብላ ሲለው "በኋላ" ይል ነበር። "በልቻለሁ" ይል ነበር።

"ፍልሰታ" አለ ሃቢብ።

ፍቅረማርያም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ውሃም የለም።"

"በዚህ ሙቀት? መሪ ይዘህ? ብትወድቅስ? ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ብላ ትለኛለህ። ወይ ሌላ ሰው ይነዳል ትላለህ።"

"ሦስት አታንስም ስትለኝ እያወቅህ ነበራ!"

"ጠርጥሬ ነበር። አንተ መዝኛለሁ ስትል ግን ማን ይከራከርሃል?" ልጁ ድምፁ ተሰበረ። "ተስዬ ነበር፣ ጋሼ። ሦስተኛ እንድንወጣ። በየዓመቱ ቅባኑግ እንኳ ሳልተው ቀለል አድርጌ የምጾመው ጾም ነው፤ ዘንድሮ ጠበቅ አደረግሁት። ወጣን እኮ ሦስተኛ።"

ሃቢብ ጠርሙሱን ከአጥሩ ጋር ሊያላትመው እጁን አነሣ። የሚሰድበው ሰው ፈለገ፤ መዛኙን፣ ሕጉን፣ ይሄን ዝምተኛ ልጅ። ስድቡን ግን ተወው፣ ምክንያቱም የካቲት መጨረሻ ፍሎሪዳ ላይ የሆነው ትዝ አለው። የዘንድሮው የመጀመሪያ ውድድር በረመዳን ነበር። ያኔ ፍቅረማርያም ጎማውን ሁሉ ብቻውን ተሸከመ፤ ሃቢብን "አንተ ጥላ ውስጥ ቁጭ በል" አለው፤ ሃቢብ ፊት አንድ ጊዜ እንኳ ውሃ አልጠጣም፤ ለማፍጠሪያዋ ደቂቃ ስልኩ ላይ ደወል ሞልቶ፣ ሲደርስ ተምር ይዞ ነበር የመጣው። ማንም አላስታወሰውም።

ሃቢብ ደግሞ ደሴ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር በአንድ ግቢ ያደገ ሰው ነው። ፍልሰታ ሲገባ እናቱ ሥጋ የምትሠራበትን ቀን እንኳ ለጎረቤት ብላ ትቀይር ነበር። ብሎን መዘነ፣ ነዳጅ በማንኪያ መዘነ፣ የገዛ ጓደኛው ፊት ለፊቱ ሲከሳ ግን አላየም። ነሐሴ ሳይገባ የመዘነውን ሰው በግምት አስገባው።

እጁን አወረደና ጠርሙሱን ዘረጋለት።

"በቃ አለቀ። እንካ ጠጣ።"

ፍቅረማርያም የእጅ ሰዓቱን አየ። "አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል፣ ጋሼ።"

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሃቢብ አላነሣውም። ቅድም ለራሱ ከፍቶ መሬት ላይ ያስቀመጠውን የፕላስቲክ ውሃ ክዳን መልሶ ጠበቅ አደረገና፣ ጎማው ላይ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ደቂቃውን ይቆጥር ጀመር።