ቀይ ክር ያለው ጠርሙስ

ሚስቱ መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ክሩን ለአራተኛ ጊዜ ሳተችው። አናጢው ጫማውን እያሰረ በጎን ያያታል። ከወር በፊት በአንድ ሙከራ ታስገባው ነበር። ዛሬ ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋታል።

ከዚያ የገዛ እጁን አየ። የጫማውን ማሰሪያ ሳያቃስት ቋጥሮታል።

"አንቺ ሴትዮ፣" አለ ቀስ ብሎ፣ "ምን አድርገሻል?"

"ምን አደረግሁ? ክሩ ነዋ አልገባ ያለኝ።"

"ጠርሙሶቹን አምጪ እስቲ።"

ሁለቱ የክኒን ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። እንዳይምታቱ ብሎ በእሷ ጠርሙስ አንገት ላይ ቀይ ክር ያሰረው፣ በራሱ ጠርሙስ ወረቀት ላይ ደግሞ በእርሳስ ያሰመረው እሱ ነው።

የያዛቸው አንድ ሕመም ነው፤ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት። እሱ እንጨት ሲልግ፣ እሷ ልብስ ስትሰፋ እጃቸው አብሮ አረጀ። ማስታወቂያውን መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ያነበበችው እሷ ናት። ሆስፒታሉ ለአዲስ መድኃኒት ሙከራ ከሰባ ዓመት በታች የሆኑ ሕመምተኞች ይፈልጋል ይላል። "ስድሳ ዘጠኝ ነህ፤ ሳታረጅ እንድረስ" ብላ እየጎተተች ወሰደችው። ነርሷ ቅጹን ከማስፈረሟ በፊት ሁሉን ነግራቸዋለች። ገሚሱ ሰው እውነተኛውን መድኃኒት ይወስዳል፤ ገሚሱ ደግሞ መልኩ አንድ የሆነ፣ ውስጡ ግን ምንም የሌለበት ክኒን። የሚለየው በዕጣ ነው፤ ለማን የትኛው እንደ ደረሰ ነርሷ ራሷም አታውቅም። መውጣት የፈለገ ባሻው ቀን ይወጣል። የራስን ክኒን ለሌላ መስጠት ግን ክልክል ነው።

በሁለተኛው ወር የሚስቱ ጣቶች ተፈቱ። የእሱ እንደ ነበሩ ቀሩ። "የኔ እጅ ድሮም ዕጣ አይቀናውም" ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"ቀላቀልኳቸው" አለች አሁን። "ሁለቱንም ሳህን ላይ ገልብጬ እኩል አካፈልኳቸው። ሦስት ሳምንት ሆነው።"

"ለምን?"

"መጋዙ ከእጅህ እየወደቀ እኔ ብቻዬን ልዳን? አንጀቴ አልችል አለ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተካፈልነው ምን አለ?"

አናጢው ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ቁጣው አልመጣም። መርፌውን ተቀበላትና በሁለተኛው ሙከራ ክሩን አስገብቶ መለሰላት። በዚህም አፈረ።

"ዛሬ ሆስፒታል የክኒን ቆጠራ ነው" አለች። "ቁጥሩ አይጎድልም። ዝም ካልክ ማንም አያውቅም። ከተናገርክ ያባርሩናል።"

"የኔስ እዳው ገብስ ነው። አንቺ ክኒኑን ካጣሽ ግን ስፌቱ አበቃለት።"

"እንግዲያው ዝም በላ!"

እርሳሱን እንደ ልማዱ ጆሮው ላይ ሰክቶ ተነሣ።

"ለሆስፒታልም እርሳስ?" አለችው።

"ያለሱ ጆሮዬን ይበርደዋል።"

አውቶቡስ ውስጥ እጇን ይዞ ያበጠውን አንጓ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ሄደ። ሐሳቡ ግን ሳንቃ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ሳንቃ ልኩን ከሳተ፣ በእሱ እየተለካ የሚቆረጠው ሁሉ ይበላሻል። የእሷ እጅ ተመልሶ ሲብስባት የሆስፒታሉ ወረቀት ምን ይላል? መድኃኒቱ አልሠራም ይላል። የሠራውን መድኃኒት አልሠራም ብለው ይጥሉታል። ነገ ሌላ ሴትዮ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ ክር ትስታለች።

ነርሷ ክኒኖቹን ትሪ ላይ አፍስሳ ሁለት ሁለት እያደረገች ቆጠረች።

"አባባ፣ አሥራ አራት። እማማ፣ አሥራ አራት። አንድም አልጎደለ! ምነው ሰው ሁሉ እንደ እናንተ በሆነልኝ!" አለች። ከዚያ የሚስቱን እጅ ያዘች። "እማማ፣ ምነው እጅዎ? ባለፈው ጊዜ ጨብጠው ሊሰብሩኝ አልነበር?"

"ብርድ ነው ልጄ" አለች ሚስቱ ወለሉን እያየች።

ነርሷ መዝገቡን ገልጣ ብዕሯን አነሣች። የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱን ሳይነካ አናጢው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ።

"ልጄ፣ በብዕር አትጻፊው" አላት። "ለጊዜው ይቺን ያዢ። ያደረግነው ነገር አለ።"

ሚስቱ ቀና አለች። "እኔ ነኝ እኮ..." ብላ ጀመረች።

"ሁለታችን ነን" አለ አናጢው፣ ወንበሩን ወደ እሷ እያስጠጋ።