ከጎንደር ኬፕታውን፣ ለሁለት ሰው

ወይንሸት ጥላውን ባየችው ጊዜ ደሟ ፈላ። ሰማያዊ ከፋይ፣ ዳር ዳሩን ወርቃማ ዘርፍ የተንዠረገገበት፣ ሸጋ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነው። ጥላውስ ምን አጠፋ! ባሏ ዳኛው በሁለት እጁ አቅፎት በሩ ላይ ተገትሯል። ከኋላው ታላቅ ወንድሙ አያ አስናቀው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ገቡ። የጥር ማርያምን ኮሶዬ አጠገብ በአባታቸው አጥቢያ አንግሠው መመለሳቸው ነው።

«በጨረታ አሸነፍኩት» አለ ዳኛው።

«በስንት?»

«ለማርያም ነው እኮ፣ ወይንዬ።»

«በስንት አልኩህ!»

«በዘጠና ሺህ።»

ዘጠና ሺህ! ወይንሸት ይቺን ቁጥር አሳምራ ታውቃታለች። በደብተሯ ስድስተኛው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪቢቶ «ለድንገተኛ፣ ዘጠና ሺህ፣ ማንም እንዳይነካት» ብላ የጻፈቻት፣ በጋራ የባንክ ሒሳባቸው የተቀመጠችው ናት። ሞተሩ በረሃ ላይ ነክሶ ቢቆም፣ ከሁለት አንዳቸው ቢታመሙ፣ ድንበር ላይ ቢጉላሉ የምታወጣቸው ይቺው ብር ነበረች።

ስድስት ዓመት ሙሉ ለፍታበታለች። ወይንሸት መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ውስጥ መኪና አስተማሪ ናት። ከደመወዟ እየቆነጠረች፣ አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ የሸጠውን አሮጌ ላንድክሩዘር ገዛች። በሞያሌ ወጥቶ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ዛምቢያን እያቋረጠ ኬፕታውን የሚደርስ የአምስት ወር መንገድ አሰበች። ናፍጣውን በሊትር፣ ቪዛውን በየአገሩ፣ ምግቡን በቀን፣ ትርፍ ጎማውን ሳይቀር አስልታ ጻፈች። ስድስት ፋሲካ አዲስ ቀሚስ አልለበሰችም። እውነቱን ለመናገር ዳኛውም ቢሆን ሥጋ አምሮት ሽሮ ሲበላ ከርሟል። ታዲያ ምን ነካው ይሄን ሰውዬ?

«ኪዳነወልድ ነው ያናደደው» አሉ አያ አስናቀው፣ ያስታረቁ መስሏቸው። ኪዳነወልድ ያጎታቸው ልጅ ነው፤ ፒያሳ ላይ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል። «ስድሳ ሺህ ብሎ ጠራ። ዳኛው አልጨመረም። ያ ባለጌ ማይኩን ተቀብሎ፣ ‹ተዉት፣ የሱን ብር የምትቆጥረው ሚስቱ ናት› አይል መሰለሽ! አገር ምድሩ ሳቀ። ዳኛውም ዘጠና ብሎ እዚያው በስልኩ ላከው።»

«ሳቁ?»

«ምን ላድርግ፣ ሰው ፊት እኮ ነው!» አለ ዳኛው።

«ለማርያም ብትሰጥ እኔው ራሴ እልል እልልህ ነበር! አንተ የሰጠኸው ለኪዳነወልድ አፍ ነው! የስድስት ዓመት ልፋቴን ለአንድ ጥጋበኛ አፍ!»

«ምነው ልጄ፣ ቀስ በይ» አሉ አያ አስናቀው። «መንገዱ የትም አይሄድ። ለከርሞ ትሄዳላችሁ።»

ለከርሞ! በእህቱ ሠርግ ለከርሞ ተባለ። የናቱ ቤት ቆርቆሮ ሲቀየርም ለከርሞ ተባለ። አሁን ግን የመኪናዋ የድንበር ማለፊያ ሰነድ ተከፍሎበት ወጥቷል፤ የሚያገለግለው ዓመት ብቻ ነው። ካለፈበት ብሩም አይመለስ፣ ሌላ ማውጣትም አይታሰብ። ዘንድሮ ካልሄደች መቼም አትሄድም፤ ይህን ዳኛው ልቡ ያውቃል።

ደብተሯን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ቀዩን እስክሪቢቶ ከፈተች። አያ አስናቀው የበረደላት መስሏቸው ተቀመጡ። ምግብ ለሁለት የሚለውን ሰረዘች፤ ለአንድ። ቪዛ ለሁለት፤ ለአንድ። ዳኛው ወገቡን ስለሚያመው ብቻ የያዘችውን የሆቴል አልጋ ጭራሽ አጠፋችው። እሷ መኪናዋ ውስጥ ትተኛለች። ደመረች። እንደገና ደመረች። ዘጠና ሦስት ሺህ ተረፈ። ድንገተኛዋ ከነምራቂዋ ተመለሰች።

«ሞላ» አለች።

«ምኑ?» አለ ዳኛው።

«በጀቱ። ለአንድ ሰው።»

«በስመ አብ!» አሉ አያ አስናቀው። «ሴት ብቻዋን?»

«አያ፣ እዚህ ከተማ መሪ የጨበጠውን ወንድ ግማሹን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ሴት ነሽ ያለኝ የለም።»

ዳኛው ጥላውን እንዳቀፈ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «እኔስ፣ ወይንዬ?»

ያ ሁሉ ሽሮ ትዝ አላት። ግን ሳቁም ትዝ አላት፤ በሌለችበት ያ ሁሉ ሰው የሳቀባት ሳቅ።

«ኪዳነወልድን ስታገኘው» አለች የመኪናዋን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ እያነሣች፣ «ሚስቴ ብሬን ቆጥራ ይዛው ሄደች በለው።»

ከዚያም የጎማዎቹን ንፋስ ልትለካ ወጣች።