ከደጃፍ የማይገባ

ጋሽ ኃይለመለኮት ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንግሊዝ አገር ለአንድ ፓርቲ ሰው ሲያደራጁ የኖሩ ናቸው። ሥራቸው በር ማንኳኳት ነበር። ፓርቲው ሲሸነፍ አመስግኖ አሰናበታቸው። አሁን ቬርኒየ በምትባል ከተማ፣ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ፣ እህታቸው ቤት ተቀምጠው በመስኮት አውቶቡስ ሲያዩ ይውላሉ። ሲያወሩ አዳምጣለሁ። ድምፃቸው ውስጥ ደስታም ቁጭትም የለም።

ዙሪክ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን የሰበካ ጉባኤ ምርጫ ሲደርስ «ቅስቀሳውን ይያዙልን» ተባሉ። ያን ዕለት ጺማቸውን ተላጩ።

«ሕብስት፣ ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። ይሄም ከተበላሸ በቃኝ» አሉኝ።

ቅዳሜ አብሬያቸው ባቡር ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ሕጋቸውን ነገሩኝ።

«ቤት አይገባም። ቢለምኑሽም። ከገባሽ ቀኑ እዚያው አለቀ።»

«ሐበሻ እንግዳ ደጅ ቆሞ ሲመለስበት ይቀየማል፣ ጋሼ።»

«እንግሊዝም ይቀየማል። ግን ይመርጣል።»

ዙሪክ፣ ቪዲኮን ሰፈር፣ የመጀመሪያው በር የፈትለወርቅ ነበር፤ እኩያዬ ናት። ጥቁር ለብሳ ከፈተች። ከኋላዋ የሰው ጫማ ተኮልኩሏል። ወንድሟ አዲስ አበባ ማረፉን ገና ትናንት ነው ለካ ያረዷት።

«እንደምን ዋሉ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ለምርጫው ይመጣሉ አይደል?» አሉ ጋሼ።

«ግቡ እንጂ።»

«አንገባም፤ ገና ብዙ ቤት ይቀረናል።»

«ለቅሶ ቤት ደርሶ ከደጅ የሚመለስ ዛሬ አየሁ!» አለች አንዲት ሴት ከውስጥ።

ደረጃው ላይ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ፣ ጥቁሩን አላዩትም?»

«አየሁት እንጂ። እናቴ ያረፈች ዕለት የምርጫ ቀን ነበር። ሰው በር ላይ ቆሜ ተደወለልኝ። ስልኩን ኪሴ ከትቼ የሚቀጥለውን አንኳኳሁ።»

«ከዚያስ?»

«አሸነፍን።»

በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። እሳቸው የደረጃውን ብረት ይዘው ቆዩ፤ ከዚያ ወደ ፈትለወርቅ በር ተመልሰው ወጡ።

«ያን ቀን ምንም አልተሰማኝም እኮ» አሉ፣ ጫማቸውን እያወለቁ።

«ቢሆንም ይግቡ» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለዋት ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም። ስለ ምርጫው ትንፍሽ አላሉም፤ የቀረውን ቤትም ያንኳኳ የለም። ፈትለወርቅ ቀና ብላ አየቻቸው።

«የእርስዎስ ማን ነው?»

«እናቴ።»

«መቼ?»

«ቆየ።»

ፈቀቅ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላቸው።