ከመነዳሪን ማን ጻፈው

«ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን በሙሉ! የሰላሁን የወንዶች ፀጉር ቤት ሁለቱም ወንበሮች በተያዙበት ባካሄደው አስቸኳይ ስብሰባ፣ የአርቲስት ማኑ አዲስ አልበም ከዛሬ ጀምሮ በቤታችን እንዳይከፈት የወሰነ መሆኑን በጥልቅ ኀዘን ያስታውቃል። የቀድሞው አልበም እንደወትሮው ይከፈታል። ውሳኔው የተላለፈው በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ነው።»

ማስታወቂያው መስታወቱ ጥግ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉት ጋሽ ገብረአረጋዊ የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው። ድምፅ ሲሰጥ ማጅራታቸው ላይ ምላጭ ስለነበረ እጅ ማውጣት አልደፈሩም። ቢደፍሩም ለውጥ አልነበረውም፤ ለእሳቸው የድሮውም የአዲሱም ራፕ ስሙ አንድ ነው፦ ልፍለፋ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ማኑ ራሱ ሊስተካከል መጣና ቆሞ አነበበው። ማኑ ጺሙ መሸበት ጀምሯል፤ ወልደአማኑኤል ብሎ ሙሉ ስሙን የሚጠራው ከእናቱና ከወረዳው በቀር ማንም የለም። ከፎቅ ሲወርድ ግን የልደታ ኮንዶሚኒየም ልጆች አሁንም «ንጉሡ!» ይሉታል። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «የድሮው ይሻላል!» ይጨምሩበታል።

«ማኑዬ፣ በክፉ እንዳታየው» አለ ሰላሁን ማበጠሪያውን እያሻሸ። «የቤቱ ስሜት ነው።»

«ማን አረቀቀው?»

«ኮሚቴው።»

«የናንተ ኮሚቴ ‹በጥልቅ ኀዘን› ብሎ መጻፍ የጀመረው መቼ ነው?»

ሰላሁን ፎጣውን አራገፈ። በዚያ ሰፈር የፀጉር ቤት ማስታወቂያ እንደ መንግሥት መግለጫ የሚጽፍ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቃለሕይወት ነው።

ቃለሕይወት ቀን ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ነው። ዓርብ ዓርብ ደግሞ በኤፍ ኤም «የጆሮ ችሎት» የሚባል ፕሮግራም ላይ ተቀምጦ በዘፈን ላይ ይፈርዳል። ከሃያ ዓመት በፊት ግን እሱና ማኑ አብነት ውስጥ ከአንድ ጎሚስታ ጓዳ አይወጡም ነበር። ጓዳው እስከ ጣሪያው በአሮጌ ጎማ የተሞላ ነው። ጎማው ድምፅ ይውጣል፤ ከዚያ የተሻለ ስቱዲዮ በነፃ የሚሰጥ አልነበረም። እዚያ የቀረጹት፣ በጎማ የውስጥ ላስቲክ ስም «ከመነዳሪ» የተባለ አልበም ወጣ፣ ታክሲውን ሁሉ ወረሰ፣ ማኑንም ማኑ አደረገው።

ጥፋቱ ካሴቱ ሽፋን ላይ ነበር። ያን ጊዜ ጓደኛሞች ናቸው፤ የኔ የአንተ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ «ግጥም፦ በጋራ» ብለው አሳተሙት። ግጥሞቹን በሙሉ የጻፈው ማኑ ነው። ቃለሕይወት ከጀርባ «ኧረ! ኧረ!» ይል ነበር፤ እውነት ለመናገር «ኧረ» ሲል የሚያህለው የለም።

ዓመታት ሲያልፉ «በጋራ» የምትለዋ ቃል ወደ አንድ ወገን አጋደለች። ቃለሕይወት መጀመሪያ «አብረን ነበርን» አለ። ቆየት ብሎ «እኔም ጽፌያለሁ» አለ። ማኑ ከረጅም ዝምታ በኋላ አዲሱን አልበም ሲያወጣ ደግሞ በሬዲዮ እንዲህ አለ፦ «ከመነዳሪን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አዲሱ ለምን ባዶ እንደሆነ አሁን ገባችሁ?»

ለሁሉም ገባው። ፀጉር ቤቱም ወሰነ።

ማኑ ትችት ለምዷል። አዲሱ አልበም ቀዝቃዛ ነው ሲሉት ይስቃል፤ «ጨው አነሰው» ሲሉት «ደም ግፊት አለብኝ» ይላል። ሰኞ ማታ ግን ልጁ የአብስራ ስልኳን እንደያዘች ሳሎን መጣች።

«አባዬ፣ ከመነዳሪን የጻፈው ቃልዬ ነው እንዴ?»

«ማን አለሽ?»

«ክፍል ውስጥ ሁሉም እያወራ ነው። ‹አባትሽ ያነብ ነበር እንጂ አይጽፍም› አሉኝ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረች፣ «ምንም አይደለም እሺ፣ አንባቢም እኮ ያስፈልጋል።»

ያ ማጽናኛ ከስድብ ሁሉ ባሰበት። አዲሱን ይውሰዱት። የድሮውን ግን በምን አንጀቱ ይስጥ?

ማግስቱ የወሩ ልደታ ነበር። ማኑ ልደታ ማርያም ሄዶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውን ከልጅነቱ ያውቃል። ሁለቱ አንድ ላይ እንደማይያዙ ገባው። ስለዚህ ጸሎቱን ተወው።

ከዚያው በእግሩ ወደ አብነት፣ እናቱ ቤት ወረደና አልጋ ሥር ከተቀመጠው ሳጥን አንድ ካሴት አወጣ። ቃለሕይወት በሕይወቱ የጻፋት ብቸኛ ግጥም እዚያ ላይ አለች። ያኔ አልበሙ ውስጥ ካልገባች ብሎ አልቅሶ ነበር። ማኑም ጓደኛውን ላለማስከፋት «ካሴቱ ሞላ» ብሎ ዋሸው። ቃለሕይወት ያቺን ግጥም ከረሳት ቆይቷል፤ ሌሎቹን ሁሉ ጽፎ የለ!

ማኑ ካሴቱን ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ወስዶ ወደ ስልኩ አስገለበጠ። ከዚያ ግጥሟን አንዲት ፊደል ሳይነካ በራሱ ድምፅ፣ በአዲስ ምት ቀረጻትና ለቃለሕይወት ላከለት። ከሥሯ እንዲህ ጻፈ፦ «ቃልዬ ወንድሜ፣ ገና ያልወጣ ሥራ ነው። አንተ ፍረድልኝ፤ ያልከውን እቀበላለሁ።»

ዓርብ ዕለት ፀጉር ቤቱ ሬዲዮውን ከፍቶ ጠበቀ። ማኑ ፎቅ ላይ፣ ልጁ አጠገብ ተቀምጦ ሰማ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ እየቀዳ ነው።

«አድማጮቼ፣» አለ ቃለሕይወት፣ የቀብር ድምፁን አውጥቶ፣ «ይህን ስሙልኝ፦

‹የአብነት አንበሳ ነኝ፣ ሳገሳ የሚርድ መንደር፤
ጠላቴን እንደ ሽንኩርት ልጬው፣ እያለቀሰ ገባ ሰፈር።›

ቆይ ቆይ። ሽንኩርት ሲላጥ የሚያለቅሰው ማነው? ላጪው ነው! ይህ ሰው ሽንኩርት ልጦ ያውቃል? ደግሞ እዚህ ጋ፦

‹ልቤ ላይ የነደደው እሳት፣ ውሃ አይበቃውም ለማጥፋት፤
ቤንዚን አምጡልኝ ጓዶች፣ ይታይ የኔ ጀግንነት።›

በቤንዚን እሳት የሚያጠፋ ጀግና! ጎረቤቶቹ በጊዜ ቤት ይፈልጉ። አድማጮቼ፣ ከመነዳሪን ስጽፍ አንዲት ቃል ለመምረጥ እንቅልፍ አጥቼ አድር ነበር። ይህን የጻፈ ሰው ከእንግዲህ እስክሪብቶ በእጁ እንዳይነካ እፈርዳለሁ። ችሎቱ ተነሥቷል።»

የአብስራ አባቷን አየችው። ፈገግ ብሏል። «አባዬ፣ ደህና ነህ?» አለችው።

«እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም።»

ቃለሕይወት ቅዳሜ ቅዳሜ ጺሙን ይላጫል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ፊቱ እንዲያበራ ይፈልጋል። ማኑ ይህን ያውቃል። ጠበቀ። ቃለሕይወት ወንበሩ ላይ ተንጋሎ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ታስሮ፣ ፊቱ እስከ ዓይኑ ሥር አረፋ ሆኖ፣ ሰላሁን ምላጩን ጉሮሮው ላይ ሲያሳርፍ ያን ጊዜ ገባ። አግዳሚው ሞልቷል። ጋሽ ገብረአረጋዊም ተራ ይዘዋል።

«ሰላም ለዚህ ቤት። ሰላሁን፣ ስፒከርህን አንዴ ላገናኘው?»

«አዲሱን አልበም ከሆነ...»

«የድሮ ነው። በጣም የድሮ።»

ቃለሕይወት በመስታወቱ ውስጥ አየውና አፉን ሳይከፍት «እም?» አለ።

መጀመሪያ የካሴት ሹክሹክታ መጣ። ቀጥሎ የጎማ መንፊያ ጩኸት። ከዚያ የአንድ ወጣት ድምፅ፦ «እየቀዳ ነው? ማኑ፣ ይሄኛው የኔ ግጥም ነው ሃ! እኔ ራሴ፣ ቃልዬ የጻፍኩት! ሙድ እንዳትይዝብኝ! ሂድ በለው... የአብነት አንበሳ ነኝ፣ ሳገሳ የሚርድ መንደር...»

ቃለሕይወት ሊነሣ ሞከረ።

«አትንቀሳቀስ ቃልዬ!» ጮኸ ሰላሁን። «ምላጩ አዲስ ነው!»

«ጠላቴን እንደ ሽንኩርት ልጬው...» አለ ወጣቱ ቃልዬ፣ በሙሉ ልቡ።

ጋሽ ገብረአረጋዊ አንገታቸውን አሰገጉ። «ቆዩማ፣ ይሄ ልፍለፋ የትናንቱ ልፍለፋ አይደለም እንዴ?»

«ነው ጋሼ» አለ ማኑ። «ፍርዱንም ይስሙት።» ካሴቱ ሲያልቅ ፋታ ሳይሰጥ የዓርቡን ቅጂ ለቀቀው። ያው ድምፅ፣ ሃያ ዓመት ወፍሮ፣ ስፒከሩን ሞላው፦ «ይህን የጻፈ ሰው ከእንግዲህ እስክሪብቶ በእጁ እንዳይነካ እፈርዳለሁ።»

አግዳሚው ላይ የነበሩት ጀለሶች ተደፍተው ሳቁ። አንዱ ቀድሞ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ሰላሁንም ሳቁ ስላሸነፈው ምላጩን አነሣ፤ ቃለሕይወት ያን ጊዜ ተፈትልኮ ተነሣ። የፊቱ ግማሽ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው።

«ልጅ ነበርኩ!»

«እኔም እኩያህ ነበርኩ» አለ ማኑ። «በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ጎማ ላይ ተቀምጬ ከመነዳሪን ጻፍኩ። ከዚያች በቀር የጻፍከው አንድ መስመር ካለ በላቸው። አንድ መስመር። ይኸው እየቀረጹህ ነው፤ ልጄም ታየዋለች።»

ቃለሕይወት ወደ ስልኩ አየ። ወደ መስታወቱ አየ። አረፋው ወደ ሸሚዙ ይወርዳል።

«የለም» አለ።

«አልተሰማም።»

«የለም አልኩ! አንተ ነህ የጻፍከው። ሁሉንም።»

ቃለሕይወት ፎጣውን ከአንገቱ ፈታና አጠገቡ መጣ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማኑ፣ በወንድምነት። ያንን ቪዲዮ አስጠፋልኝ። ዓርብ ና፣ አብረን እንቀመጣለን። አዲሱን አልበም ከጫፍ እስከ ጫፍ ከፍቼ ከከመነዳሪ አያንስም እላለሁ። በአየር ላይ!»

«ይኸው!» አለ ሰላሁን እጁን አጨብጭቦ። «ከዚህ በላይ ምን ይምጣ? አዲሱም ተነሣ፣ የድሮውም ተመለሰ።»

ማኑ ስልኩን ከስፒከሩ ነቀለ። «አልመጣም።»

«እንዴ! ይህን አልነበር የፈለግከው?»

«አልመጣም።»

«ልጄ፣» አሉ ጋሽ ገብረአረጋዊ፣ «ሰውየው ግማሽ ፊቱን ይዞ እየለመነህ ነው። ምናለ ብትሄድለት?»

«እርስዎን አክብሬ ነው ጋሼ፣ አልሄድም። የመጣሁት ለድሮው ነው።»

ሰላሁን ምላጩን እንደያዘ በሩ ላይ ቀደመው። «እሺ ሬዲዮውም ይቅር። ለኛ ብቻ ንገረን። ከልብህ፣ አዲሱ የድሮውን ያህላል?»

«አልናገርም።»

«ለምን?»

«አልናገርም አልኩህ ሰላሁን። ልለፍበት።»